የቀን እንቅልፍ

«ሰባት ቁጥር ጣቷ ግሩም ነው፤ ድምፅ ግን የላትም» አለ አንደኛው ዳኛ፣ እጁን በወረቀት እያደረቀ። «አጠገቧ ሰው የተኛ ይመስል፣ እንዳትቀሰቅሰው እየፈራች ነው የምትጫወተው።» ሁለተኛው ዳኛ ሳቅ ብሎ «እኔንማ ልታስተኛኝ ምንም አልቀራት» አለና ሁለቱም ከመታጠቢያ ክፍሉ ወጡ። ጥግ ካለው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ የሚፍቀውን ሰውዬ አንዳቸውም ልብ አላሉትም። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ የተገኘ ሰው ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ሰውዬው ግን የአውቶቡስ ጋራዥ ሜካኒክ ነው፤ ሌሊቱን አውቶቡስ ሥር ተጋድሞ አድሮ፣ ጃኬቱን ብቻ ቀይሮ፣ ዓይኑን ሳይከድን የመጣ። እጁን የሚፈትገው የልጁን የሙዚቃ አስተማሪ ሲጨብጣት እንዳያፍር ብሎ ነው። ሰባት ቁጥር ደግሞ ልጁ ናት። ቁጥሩን ጠዋት ነጩ ሸሚዟ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዘላት እሱ ራሱ ነው፣ እንዳያቆሽሻት በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ።

መጀመሪያ ተናደደ። ተከትሏቸው ወጥቶ አንድ ሁለት ሊላቸው አሰበ፤ ለዚህ ደግሞ አያንስም፣ ጋራዥ ውስጥ ሲጣራ ከግቢው ማዶ ስለሚሰማ ጓደኞቹ «ጥሩንባ» ነው የሚሉት። እግሩ ግን አልተነሳለትም። ምን ብሎ ይከራከራል? ዳኛው ለቀልድ የተናገረው ነገር እውነት ነው። አጠገቧ የተኛ ሰው ነበረ። ዕድሜዋን ሙሉ ነበረ። የተኛውም እሱ ነው። ቧንቧውን መዝጋት ረስቶ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ቀረ።

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት የራሱ ሕግ አለው። የእነሱ ቤት ሁለት ክፍል ናት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» የሚያስብል ስስ ግድግዳ ያላት። ሚስቱ ሕጉን ያወጣችው በፍቅር ነው፤ ያስከበረችው ግን እንደ ፖሊስ ነው። ማንቆርቆሪያው ሳያፏጭ ይነሳል። ድስት የሚቀመጠው ጨርቅ ላይ ነው። በር የሚዘጋው በሁለት እጅ ነው። ልብስ ሰፊ ናትና የስፌት መኪናዋን እንኳ አውጥታ ታችኛው ፎቅ፣ ጎረቤቷ ኮሪደር ላይ ነው የምትሰፋው። እንግዳ ሲመጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ እንግዳውም እያንሾካሾከ ተጫውቶ፣ አፍኖት የቆየውን ሳል ደረጃው ላይ ይለቀዋል። ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ ባልና ሚስቱ የተኳረፉ ይመስለው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ተረቱ ሳይበዛ አልቀረም።

ልጅቱ ቼሎ የሚባለውን፣ ያኔ በቁመት የሚበልጣትን ባለ አራት ክር መሣሪያ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በውሰት ይዛ የመጣች ቀን እናትየው ደረቷን ያዘች። «ይሄ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ነገር ሲጮህማ አባትሽ አለቀለት» አለች። ከዚያ ተስማሙ። ክሮቹ ያረፉበት እንጨት ላይ ድምፅ የሚያፍን ጎማ ይሰካል፣ ደጋኑም ክሩን ነካ ነካ ብቻ ያደርጋል። ልጅቱ ቃሏን ጠበቀች። ከመኝታ ክፍሉ ማዶ፣ ከብርድ ልብስ በተሠራ መጋረጃ ጀርባ ሆና ዓመታት ተለማመደች፤ እሱ አንድም ቀን ነቅቶ አያውቅም። ጋራዥ ውስጥ እኮ ይመጻደቅበት ነበር። «የሰው ልጅ ቴፕ ከፍቶ ቤት ያፈርሳል፤ የእኔዋ እንዲያ ያለ መሣሪያ ይዛ እንቅልፌን አንድ ቀን አልረበሸችኝም» ይል ነበር። አሁን በዚያ ኩራቱ አፈረ፤ ቧንቧውን ዘግቶ ከመታጠቢያ ክፍሉ ወጣ።

ኮሪደሩ ጋ ሲደርስ አንዲት ሴት ለማታው ዙር ያለፉትን ስድስት ልጆች ቁጥር እየጠራች ነበር። ሰባት ቁጥር የተጠራው መጨረሻ ላይ ነው። እናትየው ልጇን አቅፋ ሳመቻት፤ እዚያ ሁሉ ጩኸትና ጭብጨባ መሀል እንኳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለቻት በጆሮዋ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ መሣሪያቸውን እንደያዙ ሦስት ዓመት በነጻ ይማራሉ። የቀሩት መሣሪያውን ይመልሳሉ፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ። ይህን አባትም እናትም ልጅም ያውቁታል፣ ስለዚህ ማንም አላነሳውም። ሜካኒኩ አስተማሪዋን ወደ ጎን ጠራት። ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ድምፅ የላትም እንዴ?»

አስተማሪዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ድምፁስ አላት። ክንዷ ነው እምቢ የሚላት። ክብደትሽን ጣዪበት፣ አትፍሪው እላታለሁ። እኔ አጠገቧ ስቆም ትንሽ ትሞክራለች፤ ከቤት ስትመለስ ያው ናት። ለመሆኑ ቤት እንዴት ነው የምትለማመደው?»

«በጸጥታ» አለ ሜካኒኩ።

የትምህርት ቤቱ ክፍሎች በሙሉ ዛሬ በተወዳዳሪዎች ተይዘዋል፤ እዚያ መለማመድ አይቻልም። «ወስደው ያሳርፏት» አለችው። «እርስዎም ይተኙ፣ ዓይንዎ ደም መስሏል።» የመጨረሻውን ምክር ባትጨምርበት ይሻለው ነበር።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ትኬት ቆራጩ ቼሎውን አየና «ለሳጥኑም ይከፈላል፣ የሰው ቦታ ይዟል» አለ። ሜካኒኩ የዚያን አውቶቡስ ማርሽ በቅርቡ በገዛ እጁ አውርዶ የሰቀለ ሰው ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን መኪናው ተርሚናል እስኪገባ ይሟገት ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ የአራት ሰው ከፈለ። ወንበር ባነሰ ጊዜ ቼሎው መስኮት ዳር ተቀመጠ፣ እነሱ ቆሙ። እናትየው መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ዋናው ማለፏ ነው» አለች፤ ባሏ ራሱን ነቀነቀ። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሰማውን ለማን ብሎ ይንገር? ለልጅቱ ቢነግራት ያስደነግጣታል፣ ለሚስቱ ቢነግራት የወቀሳት ይመስላታል፤ እሷ ደግሞ ከፍቅር በቀር ምን አደረገች። ሆድ ይፍጀው ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ቤት እንደገቡ እናትየው መጋረጃውን ዘግታ አልጋውን ልታነጥፍለት ስትሄድ «ተይው» አላት። ልጁን ሳሎኑ መሀል ወንበር ላይ አስቀመጣትና «በይ ተጫወቺልኝ» አለ። እናትየው ቆመች። «አትተኛም እንዴ? የዛሬ ሌሊት የሥራ ተራህን እኮ የቀየርከው ልታርፍ ነው።» «ልሰማት ነው የቀየርኩት» አላት። ልጅቱ ሳጥኑን ከፈተች፣ ቼሎዋን አወጣች፣ እጇም ሳታዝዘው ወደ ጎማው ሄደ። «ያለ እሱ» አለ አባቷ። ደጋኑን አነሳችና ጀመረች። ሜካኒኩ ስለ ሙዚቃ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ለመስማት አንገቱን ማስገግ እንደነበረበት አወቀ። «ጨምሪ» አላት። ቆጣቢ ሰው ስኳር እንደሚጨምር ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። «አሁንም ጨምሪ» አላት። ያን ጊዜ ነው ዓይኗን ያየው። የምታየው እሱን አይደለም፣ የኖታ ወረቀቷንም አይደለም። የመኝታ ቤቱን በር ነው። የሚተኛው ሰው ፊቷ ተገትሮ «ጨምሪ» እያላት እሷ ባዶውን አልጋ ትጠብቃለች። ይባስ ብሎ እናትየው ሳታስበው ሄዳ ያንን በር በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ልጅቱ ደጋኑን አወረደች። «አባዬ፣ እዚህ አልችልም። እጄ ይቆምብኛል» አለችው በሹክሹክታ። እሱም በሹክሹክታ «ገባኝ» አላት፤ ወዲያው በሹክሹክታ መመለሱ ራሱን አናደደው። «በይ ተነሺ። እዚህ አይደለም» አላት። እናትየው የት ነው ብላ ስትጠይቅ «ጋራዥ» ብሎ ሳጥኑን ተሸከመና ቀድሞ ወጣ። የልጇን ሸሚዝ ለማታው መተኮስ ስለነበረባት እሷ ቀረች። በሩን ሲዘጉት ግን ከኋላቸው ጮኽ ብላ «እዚያ ናፍጣ እንዳትነካ» አለች፤ በዚያ ቤት ታሪክ በቀን የተሰማው ትልቁ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

ጋራዡ በቀን ሌላ አገር ነው። እዚያ መዶሻ ይወርዳል፣ እዚህ የጎማ መንፊያው ያገሳል፣ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ብቻ ነው። ገና በሩን ሲያልፉ ከአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ «ጥሩንባ! ቀን ቀን ደግሞ ምን አመጣህ?» የሚል ተሰማ። ልጅቱ ዞር ዞር ብላ «ጥሩንባ ማነው?» ስትል አባቷ አፉን ከፍቶ «ባለጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፣ ውረድና ወንበር አምጣ!» ብሎ መለሰ። ልጅቱ ባለችበት ቆመች። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብሉኝ» ለማለት እንኳ የሚያንሾካሹክ አባቷ ደረት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አታውቅም ነበር። አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ገብቶት ሲያበቃ ደግሞ ያንን ሳቅ ሰምቶት እንደማያውቅ ገባው።

የጋራዡ ፎርማን ሊያባርራቸው ነበር የመጣው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጋራዥ ነው ቲያትር ቤት?» አለ፤ ሳጥኑን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ የሜካኒኩን ዓይን አየ። «ምሳ ሰዓት ነው። ሠራተኞቹ በልተው እስኪነሱ ብቻ» ብሎ ትቷቸው ሄደ። ከአውቶቡስ የተነቀለ ወንበር የመኪና ማጠቢያው ጋ አመጡላት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ አንድ ያረጀ አውቶቡስ ብቻ የቆመበት ሰፊ ቦታ ነው። አባትየው አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ወርዶ ሞተሩን ከእሷና ከራሱ መሀል አደረገና «ተጫወቺ!» አላት።

ተጫወተች። ደጋኑ ሲሄድና ሲመጣ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። «አልሰማሁም!» አለ። ጨመረች። «አልሰማሁም!» በሦስተኛው ተናደደችና ደጋኑን ክሩ ላይ ጫነችው፤ ከቼሎው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ወጣ። ምሳቸውን ከሚበሉት አንዱ ጉርሻውን እንደያዘ «የፍሬን ሸራ ጨርሳለች፣ ይቀየርላት!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ወረደ፣ ክርኗ ተፈታ፣ ደጋኑም በራሱ ክብደት ክሩ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሌላ ድምፅ መጣ። ከሞተሩ ጋር አልተጣላም፤ በላዩ አለፈ። ወፍራም፣ ሙቅ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ በጫማ ሶል የሚወጣ ድምፅ ነው። ከሚበሉት መሀል ማኘኩን ያቆመ ነበር። ሜካኒኩ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ አዘነ፣ ይህ ድምፅ እቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ታፍኖ እንደኖረ አስቦ። ሄዶ ሞተሩን አጠፋው።

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁሽ» አላት፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «ማንም አልነገረኝም እንጂ፣ አንድ ቀን ብትቀሰቅሺኝ ምን እሆን ነበር?»

ልጅቱ ደጋኑን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «እማዬ፣ አባትሽ ቀን ካልተኛ ሌሊት አውቶቡስ ሥር እንቅልፍ ይወስደዋል ብላኝ ነበር። ትንሽ እያለሁ። ከቀሰቀስኩህ የምትሞት ይመስለኝ ነበር።»

ሜካኒኩ ምላሱ ላይ የመጣው ሁሉ ቀልድ ነበር፣ ቀልዱን ዋጠው። በጋራዥ እጁ ጭንቅላቷን ሊዳብስ ዘረጋና ጸጉሯ እንዳይቆሽሽ ብሎ መለሰው፤ እሷ ግን እጁን ይዛ ራሷ ላይ አደረገችው። «አሁንማ ከአውቶቡሱ ሥር ወጥቻለሁ» አላት በመጨረሻ። «በይ ድገሚው፣ ፎርማኑ ሳይመጣ።» ደገመችው። ያለ ሞተር ሲሰማ ድምፁ አላነሰም። ፎርማኑ መጥቶ ነበር፣ ግን ሰዓቱን አላነሳም፤ በሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ እስክትጨርስ ጠበቀ።

ማታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናትየው የተኮሰችውን ሸሚዝ አልብሳ፣ በምሳ ሰዓት ስለሆነው ነገር አንድም ሳትጠይቅ፣ ልጇን ከመድረክ ጀርባ አድርሳ መጣች። ባልና ሚስት ከፊት በሁለተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ሜካኒኩ መግቢያው ላይ ሁለት ቡና ጠጥቷል፤ በዚያ ዋጋ ሰፈራቸው ውስጥ ቁርስ ይበላበታል። ቡናውም አላዋጣም። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ አዳራሹ ይሞቃል፤ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን ላልከደነ ሰው ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም። መጀመሪያ ቫዮሊን የምትጫወት ልጅ ወጣች፣ ቀጥሎ ዋሽንት። ጭኑን እየቆነጠጠ ሁለቱን አሳለፈ። ሦስተኛው ልጅ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ ዝግ ያለ፣ እሹሩሩ የሚመስል ነገር ሲጀምር የሜካኒኩ ራስ ወደ ኋላ ዘመም አለ፣ አፉም ተከፈተ። እናትየው አየችው። መቀስቀስ እንዳለባት ታውቃለች። እጇ ግን የለመደውን ሠራ፤ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገችለትና፣ አጠገባቸው ወረቀት ወደምታንኮሻኩሽ ሴትዮ ዞራ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በይልኝ፣ ተኝቷል» አለቻት።

ፒያኖው አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ እሱ አልነቃም። ሰባት ቁጥር ተጠራች። ልጅቱ ቼሎዋን ይዛ ወጥታ ተቀመጠች፣ መሣሪያዋን ጉልበቶቿ መሀል አስተካከለች፣ ቀና ስትል ወላጆቿን አየች። እናቷ በሁለት እጇ ቦርሳዋን አንቃ ይዛለች። አባቷ ተኝቷል። እንደ ሁልጊዜው፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምታውቀው፣ ራሱን ጥሎ ተኝቷል። ደጋኗ አየር ላይ ቆመ። እናትየው ያደረገችው ነገር ያኔ ገባት፤ ልትነቀንቀው እጇን አነሳች፣ ልጇ ከመድረክ ላይ እያየቻት እንደሆነ ስታውቅ እጇ እዚያው ቀረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ልጅቱ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ያደገችበት ነው። አንደኛው ዳኛ እስክሪብቶውን አነሳ። ልጅቱ ትንፋሽ ወሰደች፣ ትከሻዋን አወረደች፣ ክንዷን ከነክብደቱ ክሩ ላይ ጣለችው።

በውድድሩ ሁለተኛ መውጣቷን፣ ቼሎው እቤት መቅረቱን፣ ያ የጠዋቱ ዳኛ ጓደኛውን «ይቺ ጠዋት የሰማናት ልጅ ናት?» ብሎ መጠየቁን ቤተሰቡ የሰማው በኋላ ነው። ለጊዜው የሆነው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ከመድረኩ ተነስቶ በሁለተኛው ረድፍ ወንበሮች ሥር ሲያልፍ ሜካኒኩ ከመቀመጫው ዘለለና፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በዚያ ግቢ በሚያሻግረው ድምፁ «መጣሁ!» አለ። ከፊት ያለው ሰው ሁሉ ዞረ፣ ከኋላ ሳቅ ተሰማ፣ እናትየው ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች። ሜካኒኩ የት እንዳለ የገባው እንደቆመ ነው። ቀና ብሎ ልጁን አያት። አባቷን ቀስቅሳዋለች፤ መጫወቷን ግን አላቆመችም።